በእጅ አይነካም

ፋሪዳ እልኸኛ ናት። ይህን የኮልፌ 18 ማዞሪያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የታክሲ ረዳቶች እንኳ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያሉ መጥተው እሷ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አንድ ጊዜ አንዱ ደፍሮ ትከሻዋን ገፋ ቢያደርጋት፣ አስኮ እስኪደርሱ ስድብ አጥግባዋለች።

ቀን ቀን መሀል ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰው ኮምፒውተር ስትጠብቅ ትውላለች፤ ቤቷ ስትገባ ደግሞ የራሷን። የራሷ የምትላቸው ሦስት ናቸው። ከመርካቶ ያገለገሉ ዕቃዎች መካከል መርጣ ያመጣቻቸው፣ እያንዳንዳቸው ከወፍራም መጽሐፍ የማይበልጡ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ናቸው። ወላጆቻቸው ካለፉ ወዲህ ከታላቅ ወንድሟ ከኢብራር ጋር በምትኖርበት ቤት፣ ኮሪደሩ ላይ ባለ መደርደሪያ ተቀምጠው ሌት ተቀን ይሠራሉ። እሷ ሰርቨር ትላቸዋለች። ኢብራር ግን «ጥንቸሎችሽ» ይላቸዋል፤ ሲነኳቸው ይሞቃሉ፣ ድምፃቸው አይሰማም፣ ለምን እንደሚቀለቡም አይታወቅም ባይ ነው።

ለምን እንደሚቀለቡ ሰፈሩ ያውቃል። የሰፈሩ ፎቶ ያለው እዚያ ነው። የዚህ አካባቢ ስልክ ዕድሜ የለውም፤ ወይ ታክሲ ግፊያ ላይ ይወሰዳል፣ ወይ ባኞ ቤት ይወድቃል፣ ወይ ሕፃን ወጥ ውስጥ ይነክረዋል። ነገሩ የተጀመረው በጎረቤታቸው በእትዬ ዘመነች ነው። ባለቤታቸው ጋሽ ገመቹ በሞቱ በዓመቱ፣ ሟቹ ቤተ ክርስቲያን ሲዘምሩ የተቀረጹበት ስልክ ማዞሪያው ላይ ተሰረቀ። እትዬ ዘመነች እንደገና ሐዘን ተቀመጡ ማለት ይቻላል። ፋሪዳ ግን ቀደም ብላ ስልኩን ስታስተካክልላቸው ሁሉንም ገልብጣ አስቀምጣው ነበር። የጋሽ ገመቹ ድምፅ ከኮሪደሩ ሲወጣ የሰማ ጎረቤት ሁሉ ከዚያ በኋላ ስልኩን ይዞ መጣ። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ክፍል፣ የራሱ ቁልፍ አለው፤ አንዱ የሌላውን ገመና አያይም። ኢንተርኔት ጠፋ ተብሎ ከተማው ሁሉ ሲያማርር፣ የእነ ፋሪዳ መንደር ሰው በአጥር ላይ በሚያልፈው ዋይፋይ የልጁን ሠርግ ያያል።

ፋሪዳ ለእነዚህ ማሽኖች አንድ ሕግ አላት፤ በእጅ አይነካም። አንዱ ቢበላሽ ውስጡ ገብታ አትነካካውም። ማሽኑ ምን መሆን እንዳለበት፣ ምን እንደሚጫንበት፣ የቱ በር ክፍት የቱ ዝግ እንደሚሆን አንዴ ጽፋዋለች። አንሲብል የሚባል መሣሪያ ያንን ጽሑፍ አንብቦ የጎደለውን ይሞላል፣ የተጣመመውን ያቃናል፣ ልክ የሆነውን አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ማሽኑ ቢቃጠል እንኳ ሌላ ባዶ ማሽን እዚያው ቦታ አስቀምጦ ጽሑፉን ማስነበብ ይበቃል። መሥሪያ ቤቷ ስትሠራ የተማረችው ይህ ነው፤ በእጁ የጠገነ ሰው ምን እንደጠገነ ይረሳል፣ ጽሑፍ ግን አይረሳም። በዚህ ነገር ስትከራከር ፊቷ በርበሬ ይመስላል።

ታዲያ ታይፎይድ ጣላትና ሐኪም ቤት ገባች። እሷ ተኝታ ሳለ መብራት ሄዶ መጣ፤ ዋናው ማሽን ሳይነሣ ቀረ። ሰዓቱን የምታስታውስለት ትንሽ ባትሪ ካለቀች ቆይታለች፤ ልቀይር ልቀይር ስትል ነው የተኛችው። ባትሪው ስለሌለ ማሽኑ መብራት በሄደበት ቁጥር ቀኑን እስኪነግሩት ቆሞ ይጠብቃል። ነጋሪ አልነበረም። ከዚያ የኢብራር መከራ ጀመረ። ጧት ይንኳኳል፣ ማታ ይንኳኳል። የልጄ ሠርግ የት ገባ፣ የእናቴ ፎቶ የት ደረሰ፣ እያሉ በሩ ላይ ቆሙበት። ኢብራር የሚኒባስ ሞተር አውርዶ የሚሰቅል፣ አስኮ መንገድ ላይ የታወቀ መካኒክ ነው፤ ለደንበኛ መልስ አጥቶ አያውቅም። እዚህ ግን መልስ አጣ፤ አፈረ። ኀፍረቱ ወደ ቁጣ ተለወጠ።

ፋሪዳ ድና ስትመለስ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ነገራት።

«ይዘጋ። ለየሰዉ ዕቃውን መልሽና ይዘጋ። ረመዳን ሊገባ ነው፤ የሰው አማና፣ የሰው አደራ ተሸክሜ አልገባም።»

«አይዘጋም።»

«ፋሪዳ!»

«አይዘጋም አልኩህ። መጀመሪያ እንኳን ማረሽ በለኝ።»

እንኳን ማረሽ አላት፤ ግን አልተወውም። እሷም ማሽኑን አስነሥታ፣ ዳግም ብታመም መፍትሔ አበጃለሁ ብላ፣ ማንም ሰው ማሽኑን ከባዶ እንዴት እንደሚያስነሣ ደረጃ በደረጃ በወረቀት ጽፋ መደርደሪያው ላይ ለጠፈች። ኢብራር ወረቀቱን አየት አድርጎ «ለማን ነው የጻፍሽው? ለጥንቸሎቹ?» አላት። ቤቱ ውስጥ መነጋገር ቆመ፤ ጨው እንኳ የሚቀባበሉት በግልምጫ ሆነ። በመጨረሻ ኢብራር ሽማግሌ ጠራ።

እሑድ ከሰዓት ሁለት ሰው መጣ። አንዱ የአባታቸው ወዳጅ የነበሩት ሀጂ ሀያቱ ናቸው፤ መርካቶ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው አሁን ጡረታ የወጡ፣ የመንደሩ ጥል ሁሉ እሳቸው ጋ የሚያልቅ ሽማግሌ። ሌላዋ እትዬ ዘመነች ናቸው፤ ከአምልኮ እንደወጡ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው እንደያዙ መጡ። ኢብራር እሳቸውን የጠራው የራሱን ወገን ብቻ ሰበሰበ እንዳይባል ነው። ሀጂ ሀያቱ ሶፋው ላይ ተደላድለው ተቀመጡና መጀመሪያ ለታላቁ ዕድል ሰጡ።

ኢብራር ተነሥቶ ቆመ። «ሀጂ፣ እኔ ጥፋቷን አላወራም። ደግ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የሰው አደራ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ? እሷ ስትተኛ ሁሉም ነገር አብሯት ተኛ። ሰው በሬን ሲያንኳኳ ምን ልበል? ያለው እሷ ጭንቅላት ውስጥ ነው። እሷ ብትሄድስ? እሷ ብትሞትብኝስ?»

የመጨረሻዋን ሲል ድምፁ ተሰበረ። ፋሪዳም ሰምታዋለች፤ አንጀቷን በላት። ግን እልኋ ከአንጀቷ ቀደመ።

«ብሞትም ይሠራል!» አለች።

«ወላሂ ዝም በይ!» አለ ኢብራር።

«አልልም። ጭንቅላቷ ውስጥ ነው አልክ አይደል? አይደለም። ተጽፏል። አሁን እዚሁ፣ ሀጂና እትዬ ዘመነች እያዩ፣ ዋናውን ማሽን ባዶ አድርገው። ሙልጭ አድርገህ ደምስሰው። ፎቶዎቹ በሁለቱ ላይ ቅጂ አላቸው፣ አንድም አይጠፋም። ከዚያ በወረቀቱ መሠረት አንተ ራስህ አስነሣው። እኔ እጄን አልሰድም፣ አፌንም አልከፍትም። ከተነሣ ይቀጥላል። ካልተነሣ በገዛ እጄ ነቅዬ እዘጋዋለሁ።»

እትዬ ዘመነች ደነገጡ። «ፋሪዬ፣ ተይ እንጂ፣ እንዲህ ያለ ቃል አይገባም።»

ሀጂ ሀያቱ ጢማቸውን ዳበሱ። «ልጄ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እርግጠኛ ነሽ?»

«ካፈርኩ አይመልሰኝ፣ ሀጂ።»

ማሽኑን ከኮሪደሩ አምጥተው ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር አገናኙት፤ ሽማግሌዎቹ እንዲያዩ ነው። ፋሪዳ በሩ አጠገብ ያለው ዱካ ላይ ተቀመጠችና ሁለት እጆቿን ከታፋዋ ሥር ወተፈቻቸው። ኢብራር ወረቀቱን ከመደርደሪያው ልጦ ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። አዲሱ ሥርዓት ያለበትን ፍላሽ ሰክቶ ማሽኑን አበራ። ባትሪው ገና ስላልተቀየረ፣ እንደተለመደው ማሽኑ ቆመና ቀን ጠየቀ። ወረቀቱ ላይ በፋሪዳ እጅ ጽሑፍ «የዛሬን ቀንና ሰዓት አስገባ» ይላል።

«ሀጂ፣ ዛሬ ስንት ነው?» አለ ኢብራር።

«የካቲት ስምንት።»

ኢብራር ስምንት ብሎ ጻፈ። የካቲትን በጣቱ ቆጥሮ ስድስት አለ። ዓመቱን 2018 አለ። ሰዓቱንም ግድግዳው ላይ አይቶ ዘጠኝ ከሩብ ብሎ ሞላ። ከዚያ ቀና ብሎ «ይሄ እንኳ ቀላል ነው» አለ።

ፋሪዳ ዱካዋ ላይ ቀና አለች። ማሽን የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው። እነዚህ ሦስት ማሽኖች እርስ በርስ ሲነጋገሩ የሚተማመኑበት ማረጋገጫ አላቸው፤ ማረጋገጫው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ጊዜ ተጽፎበታል። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ያለ ማሽን የጓደኛውን ማረጋገጫ ሲያይ፣ ይሄ ገና አልተወለደም ብሎ በሩን ይዘጋበታል። ሌላ ቀን ቢሆን ማሽኑ ትክክለኛውን ሰዓት ከኢንተርኔት ጠይቆ ራሱን ያርም ነበር፤ ዛሬ ኢንተርኔቱ ከጧት ጀምሮ የለም። አፏን ልትከፍት ነበር። ጥርሷን ነከሰች።

መጀመሪያ የተናደደችው በእሱ ነው። እንዴት ሰው ለኮምፒውተር የካቲት ብሎ ይነግራል? ቀጥሎ ግን ዓይኗ ጉልበቱ ላይ ያለው ወረቀት ላይ ወደቀ። የዛሬን ቀን፤ የማን ዛሬ? አልጻፈችውም። መሥሪያ ቤት በእነሱ ቀን፣ ቤት በእኛ ቀን ስትኖር ከአንዱ ወደ ሌላው የምትሻገርበት ቦታ አይታወቃትም። ኢብራር የታዘዘውን ነው ያደረገው። ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ይህን ማወቋ ደግሞ የበለጠ አናደዳት።

ማሽኑ ተደመሰሰ። ከዚያ አዲሱን ሥርዓት መጫን ጀመረ። ቴሌቪዥኑ ላይ መስመር በመስመር ሲወርድ እትዬ ዘመነች «ጌታ ይባረክ፣ እንዴት ይፈጥናል!» እያሉ ያደንቃሉ። ሀጂም መነጽራቸውን አውጥተዋል። ኢብራር ሳይታወቀው ተመስጧል፤ ሞተር ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው ጆሮውን ወደ ማሽኑ ዘንበል አድርጎ ነበር። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። የሚመጣውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፣ እሷ ደግሞ አፍ የላትም። በሕይወቷ እንዲህ ረጅም ዝምታ ዝም ብላ አታውቅም።

መጣም። መስመሩ ቆመ፣ ቀይ ጽሑፍ ወጣ።

«ምን ይላል?» አሉ ሀጂ።

ኢብራር እንግሊዝኛውን ቀስ እያለ አነበበ። «የማረጋገጫው... ጊዜ... ገና አልደረሰም። አልቀበልም ይላል።»

«እና የእኔው ሰውዬስ?» አሉ እትዬ ዘመነች በቀጭን ድምፅ። «የገመቹ ድምፅ እዚያ ውስጥ አይደለም እንዴ?»

ፋሪዳ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እጆቿን ከታፋዋ ሥር አላወጣችም። ቃሏን አትበላም። ቢዘጋም ይዘጋል እንጂ፣ ኢብራር ነገ «በአፏ አስነሣችው» አይላትም። ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ፍርድ ሊሰጡ መሆኑ ነው። ኢብራር የፈለገውን አግኝቷል፤ ከእሱ የሚጠበቀው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ብቻ ነበር።

«ይቆዩኝ ሀጂ» አለ ኢብራር።

ወረቀቱን እንደገና አነበበ። ቀዩን ጽሑፍ እንደገና አነበበ። አልነሣም ያለ ነገር ፊቱ ላይ ተቀምጦ ማየት የማይችል ሰው ነው፤ የጠላቱ መኪና እንኳ ቢሆን ሳያስነሣ እንቅልፍ አይወስደውም። «ጊዜው አልደረሰም... የምን ጊዜ?» እያለ አጉረመረመ። ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ አየው። ቴሌቪዥኑን አየ። እንደገና ስልኩን አየ። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ አደረገው።

«የፈረንጅ ነው የሚፈልገው!»

ዞሮ ፋሪዳን አያት። ኮርኒሱን ታያለች። አውቃ ዝም እንዳለች ገባው። እሱም ዝም ቢል እንደሚያሸንፍ ገብቶታል፤ ለአፍታ ያህል ሁለቱም ያንን አሰቡ። ከዚያ ኢብራር ማሽኑን አጥፍቶ አበራውና የስልኩን ቀን እያየ አስተካክሎ ሞላ። በዚህ ጊዜ ቀይ አልወጣም። አረንጓዴ መስመር እየተከታተለ ወረደ፤ ማሽኑ ወንድሞቹን አገኘ፣ ጽሑፉን ተቀበለ፣ አንድ በአንድ መሥራት ጀመረ። እትዬ ዘመነች «ሃሌሉያ!» ብለው አጨበጨቡ። ፋሪዳ አንድ እጇን ከሥሯ ልታወጣ ስትል፣ መስመሩ እንደገና ቆመ።

«ሚስጥር ቃል አስገባ ይላል» አለ ኢብራር። ወረቀቱን ገልብጦ አየ። «እዚህ የለም።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ፋሪዳ ክው አለች። የየቤቱ ቁልፍ ሁሉ ተቆልፎ የተቀመጠው በአንድ ቃል ነው፤ ያንን ቃል ለዓመታት ጣቶቿ ሲመቱት ኖረዋል እንጂ እሷ አስባው አታውቅም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ አልጻፈችውም። የሌላ ሰው ጆሮ ሰምቶት አያውቅም።

«ይኸውላችሁ!» አለ ኢብራር። «እኔ የምለው ይሄንን ነው! ጭንቅላቷ ውስጥ ነው! ታይፎይዱ ቢወስዳትስ ኖሮ? የማንን ጭንቅላት ልከፍት ነበር?»

እውነቱን ነው። ፋሪዳ ግን ይህን ለእሱ ከማመን ኮርኒሱን ማየት መረጠች።

ሀጂ ሀያቱ እጃቸውን አነሡ። «ቁልፍ ሌላ፣ እጅ ሌላ። አልናገርም ያልሽው እንዴት እንደሚሠራ ነው። ቁልፍ ግን አደራ ተቀባይ ለሁለተኛ ሰው ማሳየት አለበት፤ አለዚያ አደራ አይደለም፣ ቀብር ነው። ለወንድምሽ ስጪው።»

«ለእሱ?»

«ለእሱ።»

«ለእትዬ ዘመነች በጆሯቸው ልንገራቸው?»

«እኔ የእንግሊዝ ፊደል አልመታም፣ ልጄ» አሉ እትዬ ዘመነች። «ለእሱ ንገሪው፤ ምን አለበት?»

ፋሪዳ ቀላች። ኢብራር ይህን አይቶ ግራ ገባው፤ ፋሪዳ አፍራ አታውቅም። «ምንድን ነው? የፍቅረኛሽ ስም ነው?» አላት።

ያ በቃ። ተነሥታ ቆመች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች፣ ፊት ለፊት አየችው።

«ጻፍ» አለች። «የኢብራር ጭንቅላት የዛገ ሞተር ነው፣ ካልገፉት አይነሣም።»

ሀጂ ሀያቱ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። እትዬ ዘመነች መጽሐፍ ቅዱሱን ፊታቸው ላይ ጋረዱ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል።

«መቼ ነው ይሄ የወጣው?» አለ ኢብራር በቀስታ።

«ጥንቸሎችሽ ያልከኝ ቀን። ሳይለያይ፣ በላቲን፣ አያይዘህ ጻፈው።»

ጻፈው። በእነዚያ የሞተር ዘይት ባጠቆራቸው ወፍራም ጣቶቹ፣ አንድ በአንድ። መሀል ላይ ቆሞ «የዛገ ላይ ኤዋ ስንት ናት?» ብሎ ጠየቃት፤ ነገረችው። መጨረሻውን ሲመታ ማሽኑ ተቀበለ። መስመሩ መውረዱን ቀጠለ፣ ፎቶዎቹ ከሁለቱ ማሽኖች መመለስ ጀመሩ። ጥቂት ቆይቶ እትዬ ዘመነች ስልካቸውን ከፍተው የራሳቸውን ክፍል ነኩ። ጋሽ ገመቹ በዚያ ጎርናና ድምፃቸው ሲዘምሩ ተሰማ። ሴትዮዋ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉት።

«ይቀጥል» አሉ ሀጂ ሀያቱ። «እኔ ፈርጃለሁ። ኢብራር?»

«ይቀጥል» አለ ኢብራር፤ ላቡን ጠረገ። «ግን አንድ ነገር አለኝ። ቃሉ ይቀየር።»

«ወይ ፍንክች!» አለች ፋሪዳ።

«ፋሪዳ!»

«አይቀየርም። ሁለት ዓመት ሠርቷል፣ ማንም ገምቶት አያውቅም።»

«አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ!» ብሎ ብድግ አለ፤ ወረቀቱን አየር ላይ እያርገበገበ። «ነገ መብራት ቢሄድ፣ አንቺ ብትታመሚ፣ ሥራ ብትውዪ፣ ማሽኑን የማስነሣው እኮ እኔ ነኝ! ይሄን ስድብ በገዛ እጄ የምጽፈው እኔ ነኝ!»

ፋሪዳ ወደ ሶፋው ዞረች፣ ሽማግሌዎቹን ተራ በተራ አየቻቸው።

«ሰምታችኋል አይደል?» አለች።